ከቀዶ ሕክምና በፊት የውስጥ ጆሮን ስለ ማየት

የሰው የውስጥ ጆሮ ከራስ ቅል አጥንት ሁሉ በጠነከረው ክፍል ተሸሽጎ ይኖራል፤ ሊቃውንተ ሕክምናም ይህን አጥንት በዓለት ስም ጠርተውታል። በዚያም ውስጥ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ሁለት ዙር ተኩል ያህል የተጠመዘዘ፥ ውሃ የሞላበት ቀጭን መንገድ አለ። ጆሮው ፈጽሞ ለማይሰማ ሰው ሐኪም የኤሌክትሪክ ክር የሚያስገባው በዚህ መንገድ ነው፤ ክሩም በጠፉት የመስሚያ ሕዋሳት ፈንታ የመስማትን ነርቭ በቀጥታ ያነቃቃል።

እንግዲህ ሐኪሙ መንገዱን አስቀድሞ ሳያይ ቢላዋ ሊያነሣ አይገባውም። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ሥዕል ይነሣል። ሲቲ ስካን የተባለው በኤክስ ሬይ አጥንቱን በስሱ እየከፈለ ያሳያል፤ ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በየት በኩል እንደሚያልፍም ይገልጣል፥ እርሱ ቢጎዳ ፊት ይጣመማልና። ኤም አር አይ ደግሞ በማግኔት ኃይል ውሃውንና የመስማቱን ነርቭ ያሳያል። ከልደቱ ጀምሮ የማይሰማ ልጅ አንዳንድ ጊዜ ነርቡ ጨርሶ ሳይፈጠር ይገኛል፤ ለእንዲህ ያለው ልጅ ክሩ እምብዛም አይረባውም፥ የምልክት ቋንቋ ሳይዘገይ ቢማር ይሻለዋል።

በፎገራ ሜዳ ላለ ቤተ ሰብ ግን ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው የማጅራት ገትር ነገር ነው። ይህ በሽታ በአገራችን በወረርሽኝ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በበጋ ነው። ከሕመሙ የተረፈ ልጅ መስማቱን ቢያጣ፥ በውስጥ ጆሮው የነበረው ውሃ መጀመሪያ በጠባሳ፥ ኋላም በአጥንት ሊተካ ይችላል፤ ነገሩም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሊጀምር ይችላል። ገና አጥንት ያልሆነውን ጠባሳ ሲቲ ስካን ይስተዋል፤ ኤም አር አይ ግን የውሃውን መጉደል ቀድሞ ያስታውቃል።

የገበሬው የሥራ ዘመን ከዚህ ጋር አይስማማም። ልጁ በመጋቢት ቢታመም፥ ወዲያው እርሻ ይደርሳል፤ በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ሩዙም እስከ ኅዳር አይታጨድም። «ሰብሉ ይግባና እንወስደዋለን» የሚል አባት ክፉ አልተናገረም፤ ብቻ የልጁ ጆሮ ያን ስምንት ወር አይጠብቅም። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሁለቱም ከተሞች የዩኒቨርሲቲ ሐኪም ቤት ስላላቸው፥ ልጁ ከአልጋ እንደ ተነሣ ስለ ጆሮው ሐኪም መጠየቅ ይቻላል። ሲጠይቁም ሕመሙ የጀመረበትን ወር መናገር ያስፈልጋል።

ሥዕሉ አንደኛው ጆሮ መዘጋቱን፥ ሁለተኛው ገና ክፍት መሆኑን ያሳየ እንደ ሆነ፥ ሐኪሙ ክፍቱን ይመርጣል። ሁለቱም ተዘግተው ሲገኙ ግን አጥንቱን ሰርስሮ ከክሩ ጥቂቱን ብቻ ለማስገባት ሊገደድ ይችላል፤ ልጁ የሚሰማውም ድምፅ ብዙውን ጊዜ በዚያው ልክ ያነሰ ይሆናል።