ያውቁ ኖሯል? የሽልንጉን ዘመን ለማብቃት ዋሽንግተን ድረስ የሄዱት ሰው

ከጣሊያን ወረራ ነጻ ከወጣች በኋላም ቢሆን የኢትዮጵያ ገበያ የሚገበያየው በሰው ገንዘብ ነበር፤ በማሪያ ቴሬዛ ጠገራና እንግሊዞች ባመጡት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ። በለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት የተማሩት፣ በወረራው ዘመን ጥቁር አንበሶች ከተባሉት አርበኞች ጋር የዘመቱት የወለጋው ተወላጅ ይልማ ደሬሳ በ1935 ዓ.ም. ምክትል የገንዘብ ሚኒስትር ሳሉ ወደ አሜሪካ ተላኩ። ነሐሴ 3 ቀንም የጦርነት ጊዜውን የብድርና የኪራይ እርዳታ ስምምነት በዋሽንግተን ፈረሙ።

በዚሁ እርዳታ ከ5 ሚሊዮን አውንስ የሚበልጥ ብር ተገኘና የሃምሳ ሳንቲም መገበያያ ተሠራበት። ጠገራ የለመደ ገበሬ ወረቀት ብቻ ቢሰጡት መች ያምናል! አዲሱ የኢትዮጵያ ዶላር ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል ጥንካሬ የሰጠው ይኸው የብር ሳንቲም ነው። ይህ ሥራ ይልማን ከማንኛውም ሹመታቸው በላይ ሊያስመሰግናቸው ይገባል።

በሚኒስትርነት ካገለገሉ በኋላ በዋሽንግተን አምባሳደር ሆኑ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1946 ዓ.ም. አሜሪካን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጎበኙም በዚያው ሥራ ላይ ነበሩ። በ1950 ዓ.ም. ከአክሊሉ ሀብተወልድ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነቱን ተረከቡ። ከዚያ እንደገና ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር። ጎጃም ያመፀበት የ1960ው የእርሻ ገቢ ግብር የወጣው በእሳቸው ጊዜ ነው።

በዚህ ሁሉ ሥራ መካከል በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ታሪክ ላይም መጽሐፍ ጽፈዋል። በኋላ ግን ደርግ አሰራቸው።