ከፎርማት በፊት

እሑድ ሊባኖስ ውስጥ ባለችው ዶራ ሰፈር የተበላሸ ላፕቶፕ ወደ ጠጋኝ ሲመጣ መፍትሔው ብዙ ጊዜ አብሮት ይመጣል፤ «ፎርማት ይደረግልኝ»። ስክሪኑ ጠቁሮ ቀርቷል፣ ወይም ጽሑፉ ገዝፎ ከስክሪኑ አልፏል፣ ወይም ቪዲዮ በተከፈተ ቁጥር ምስሉ እየተቆራረጠ ማራገቢያው ይጮኻል። ፎርማት ዊንዶውስ ላይ ለዓመታት ስለሠራ ሰው ቢያምንበት አይፈረድበትም። ሊኑክስ ላይ ለሚገጥም የግራፊክስ ድራይቨር ችግር ግን ፎርማት ከሁሉም ውዱ ጥገና ነው፤ ይህን ዋጋ ለመክፈል ደግሞ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው የዶራ ደንበኛ አቅም የላትም። አሠሪ ፓስፖርት ይዞ ማስቀመጥ በተለመደበት አገር፣ ላፕቶፑ ውስጥ ስካን ተደርጎ የተቀመጠው የፓስፖርት ኮፒ፣ የሥራ ውሉ ፎቶ፣ ለቤተሰብ የተላከው ገንዘብ ደረሰኝ ሌላ ቦታ ላይኖር ይችላል። ዲስኩ ሲጸዳ አብሮ የሚጸዳው ይህ ነው።

ጉዳዩ አሁን የባሰው ሰውን ወደ ሊኑክስ የሚገፋው ነገር ስለበዛ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ኢንቴል ከሆነም 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ ወዲህ የወጣ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። አንድ ዶላር ከ1,507 ሊራ ተነሥቶ 89,500 ገደማ በደረሰበት አገር «አዲስ ግዢ» ማለት ምክር አይባልም። ስለዚህ አሮጌው ላፕቶፕ ላይ ኡቡንቱ ወይም ሚንት የተባለ የሊኑክስ ዓይነት ይጫናል። ኢንቴልና ኤኤምዲ የግራፊክስ ድራይቨራቸው ከከርነሉ፣ ማለትም ከሊኑክስ እምብርት፣ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ብዙ አያስቸግሩም። ጣጣው ኤንቪዲያ ላይ ነው፤ ሁለት መንገድ አለውና። አንዱ ኑቮ ነው፤ በጎ ፈቃደኞች የካርዱን አሠራር ራሳቸው እየፈተሹ የጻፉት፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ከርነሉ ውስጥ የገባ ነፃ ድራይቨር። ሌላው የኩባንያው የራሱ ነው፤ ይህኛው ከርነሉ በታደሰ ቁጥር እንደገና መገጣጠም አለበት። ኩባንያው በሜይ 2022 የከርነል ሞጁሉን ምንጭ ኮድ ይፋ ቢያደርግም ከቱሪንግ ትውልድ ወዲህ ላሉት ካርዶች ብቻ ስለሆነ ለአሮጌዎቹ አልደረሰላቸውም። ለጂፎርስ 400 እና 500 ካርዶች የሚሆነው የ390 ድራይቨር ድጋፍ ደግሞ በ2022 መጨረሻ አብቅቷል።

ይህን የሚያውቅ ጠጋኝ ጥቁር ስክሪን ሲያይ «ሞቷል» ለማለት አይቸኩልም። ካፕስ ሎክ ሲጫኑት መብራቱ የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ ከርነሉ በሕይወት አለ። ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ 3 አንድ ላይ ሲጫኑ ጥቁሩ ላይ የተጠቃሚ ስም የሚጠይቅ ነጭ ጽሑፍ ከመጣ ዲስኩም ሲስተሙም ደህና ናቸው፤ የጎደለው ሥዕሉን የሚሥለው ብቻ ነው። ከዚያ ማሽኑ ሲነሣ ወደ ማስነሻ ምርጫው ገብቶ በቀድሞው ከርነል ማስነሣት ነው። ኡቡንቱ የበፊቱን ከርነል ያስቀምጣል፤ በእሱ ከተነሣ ምርመራው ግማሽ ያህሉ አለቀ፤ ብዙ ጊዜ ድራይቨሩ ለአዲሱ ከርነል አልተገጣጠመም ማለት ነው። ማራገቢያው የሚጮኸው ላፕቶፕም ራሱ ይናገራል። ስለ ማሽኑ መረጃ የሚሰጠው ገጽ ላይ ግራፊክስ በሚለው ቦታ የካርዱ ስም ቀርቶ «ኤልኤልቪኤምፓይፕ» የሚል ከተጻፈ፣ ካርዱ ሥራ ፈትቶ ምስሉን ሁሉ ፕሮሰሰሩ እየሣለ ነው። የማራገቢያው ጩኸት የዚያ ድካም ነው።

እዚህ ሰፈር ግን ከሁሉም በፊት የምጠረጥረው መብራቱን ነው። ኦክቶበር 9 ቀን 2021 የደይር አማርና የዛህራኒ ጣቢያዎች ነዳጅ አልቆባቸው የሊባኖስ የመንግሥት መብራት ሙሉ በሙሉ የጠፋበትን ቀን ሁሉም ያስታውሳል፤ የሰፈር ጄኔሬተር፣ ማለትም ኢሽቲራክ፣ የኑሮ አካል ከሆነ ግን ቆይቷል። ከመንግሥት መብራት ወደ ጄኔሬተር ሲዞር መብራቱ ይቋረጣል። በ5 አምፔር ቤት ካውያና ፍሪጅ አንድ ላይ ሲሠሩም ብሬከሩ ይወርዳል። ባትሪው ያለቀ ላፕቶፕ በዚያች ቅጽበት ከርነል እያደሰ ከነበረ ድራይቨሩ በግማሽ ተገጣጥሞ ይቀራል። በማግስቱ የሚታየው ጥቁር ስክሪን ታሪኩ ይኸው ነው። ሲስተሙም አይደብቅም፤ ማደሻውን ሲከፍቱት ሥራው መሃል ላይ እንደተቋረጠና በየትኛው ትእዛዝ እንደሚጨረስ ጽፎ ያሳያል። ያንን አንድ መስመር አንብቦ ማስፈጸም ዲስክ ከማጽዳት ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ባልደረቦቼ የሚያነሡት ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ደንበኛዋ ከማዳም ቤት የምትወጣው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ እስከ ማታ ላፕቶፑ መነሣት አለበት፤ ፎርማት ደግሞ እጅ የለመደው ሥራ ነው ይላሉ። ስለ ጊዜው እውነታቸውን ነው። ሆኖም መጫኑ ካለቀ በኋላ የሚወርደው ማደሻ በስልክ ኢንተርኔት ነው፤ የምትከፍለውም እሷ ናት። ያው ካርድ፣ ያው ድራይቨር፣ ያው መብራት ስለሆነ ከርነሉ ዳግም ሲታደስ ችግሩ ይመለሳል፤ የሚሄደውም ሌላ እሑድ ነው። ከላይ የዘረዘርኩት ምርመራ ደቂቃዎች እንጂ ሰዓታት አይፈጅም፤ ፎርማት የግድ ቢሆን እንኳ ከፍላሽ አስነሥቶ ፋይሉን አስቀድሞ መቅዳት ይቻላል። ኑቮ ዘገምተኛ ነው የሚለው ሁለተኛው ተቃውሞ በከፊል ትክክል ነው። በጂፎርስ 900 እና 1000 ካርዶች ላይ ኑቮ ፍጥነታቸውን ከፍ ማድረግ ስለማይችል ለእነሱ የኩባንያው ድራይቨር ይሻላል፤ እሱንም ከኩባንያው ገጽ አውርዶ በእጅ ከመጫን ከኡቡንቱ ጥቅል መውሰድ፣ ከከርነሉ ጋር አብሮ ይታደሳልና። ለጂፎርስ 400 እና 500 ግን ድጋፉ ያበቃ ድራይቨር በአዲስ ከርነል ላይ በግድ ከመትከል ኑቮን መተው ይሻላል። ባለቤቲቱ የምትፈልገው ልጇን በቪዲዮ ማየትና ሰነድ መክፈት ከሆነ ይበቃታል። ጌም ለሚጫወት ይህ ምክር አይሆንም፤ ለእሱም አስቀድሞ መንገር ነው።

አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ያልተፈረመ ድራይቨር የሚከለክለው ሴኪውር ቡት በበራበት ላፕቶፕ ላይ የኤንቪዲያ ድራይቨር ሲጫን የይለፍ ቃል ያስመርጣል፤ ማሽኑ ዳግም ሲነሣ በሰማያዊ ስክሪን ብቅ ብሎ ድራይቨሩ የተፈረመበት ቁልፍ እንዲመዘገብ ይጠይቃል፤ የሚጠብቀው ግን 10 ሰከንድ ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ያልተረዳች ሰው ዝም ብላ ካሳለፈችው ከርነሉ ድራይቨሩን አይቀበልም። ጠጋኙ ላፕቶፑን ከመመለሱ በፊት ይህን ራሱ መጨረስ አለበት። ከዚያ በአማርኛ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ የካርዱን ስም፣ የሠራውን ከርነል ቁጥር፣ ስክሪኑ ቢጠቁር የሚጫኑትን ሦስት ቁልፎች፣ መብራት በሚቀያየርበት ሰዓት ማደሻ እንዳይጀመር ጽፎ ከላፕቶፑ ሆድ ላይ በፕላስተር ይለጥፈው። የሚቀጥለው ጠጋኝ፣ ማንም ይሁን ማን፣ መጀመሪያ የሚገለብጠው እሱን ነው።