ሁለት ስም፣ አንድ ሰው

የፍተሻው በር ጮኸ። አዛውንቱ ቀበቷቸውን ፈቱ፣ ከኪሳቸው ሳንቲም አወጡ፣ ምርኩዛቸውን ለልጃቸው ሰጥተው እንደገና አለፉ፤ በሩም እንደገና ጮኸ። ወጣቱ ፈታሽ ግራ ሲገባው ግራ ጭናቸውን መታ መታ አደረጉና «ፍንጣሪ ነው ወደይ፤ አብሮኝ ያረጀ ነው» አሉት። በእጅ መፈተሻው አረጋግጦ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና አሳለፋቸው።

ይህ የሆነው መቀሌ፣ አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። እኔ ጠበቃቸው ነኝ። ወደ አዲስ አበባ የምንሄደው ለአንድ ጉዳይ ነበር፤ በአገልግሎት ማህደራቸው ላይ ያለው ስምና በመታወቂያቸው ላይ ያለው ስም አይገጥምም። መታወቂያውና ቲኬቱ ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም ይዘዋል። ማህደሩ የያዘው የሜዳ ስማቸውን ነው። በትጥቅ ትግሉ ዘመን ብዙ ታጋይ ቤተሰቡ እንዳይታወቅበት ስሙን ቀይሮ ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሠራዊቱ በወረቀት ሲደራጅ ያ ስም እንዳለ ቅጽ ላይ ሰፈረ። የስሙ ባለቤትም ጓዶቹ ሁሉ እሱን የሚጠሩበት ስም ስለሆነ ስህተት አልመሰለውም።

መሳፈሪያ ሰዓቱን ስንጠብቅ ስለ ማረፊያው ስም አሰብኩ። በዶጋሊ፣ በ1879 ዓ.ም. የጣሊያንን ጦር የደመሰሱት ራስ አሉላ የአባታቸው ስም «እንግዳ» ነው። «አባ ነጋ» የፈረስ ስማቸው ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። በአገራችን ተዋጊ ወላጆቹ ካወጡለት ስም ሌላ የጦር ሜዳ ስምም ይሰጠው ነበር፤ ማንም ሁለት ሰው ናቸው ብሎ አይጠራጠርም ነበር። ለራስ አሉላ የፈረስ ስማቸው መታወሻ ሆኖ በአውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተጻፈ። ለኔ ባለጉዳይ ግን የሜዳ ስማቸው የጡረታ እንቅፋት ሆነባቸው።

በሥራዬ የሚያጋጥመኝ ስህተት ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ አህጽሮት ነው፤ «ገ/እግዚአብሔር»፣ «ኃ/ሥላሴ» ተብሎ በአንድ ወረቀት ይጻፋል፣ በሌላው ይዘረዘራል፣ በትግርኛ አጻጻፍ ደግሞ ፊደሉ ይለወጣል። ሌላው የዘመን አቆጣጠር ነው። «1950» ተብሎ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ሳይለይ የተጻፈ የትውልድ ዘመን ሰውየውን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያስረጀዋል ወይም ልጅ ያደርገዋል። ከሁሉ የሚከብደው ዕድሜ ነው። በጡረታ አሠራር መነሻው ሰው መጀመሪያ ሲቀጠር ያስመዘገበው ዕድሜ ነውና፣ በልጅነቱ ሜዳ ለመግባት ዕድሜውን ጨምሮ የተናገረ ሰው የዚያን ቀን ቃሉን ዕድሜ ልኩን ይሸከማል።

አንዳንዱ ባለጉዳይ «ጸሐፊው ያስተካክልልኝ» ይላል። አይሆንም። አንድ ጊዜ አንድ ቅን ሠራተኛ የድሮውን ስም በምላጭ ፍቆ አዲሱን የጻፈበት ማህደር እጄ ገባ። ቀለሙ ይለያል፣ ወረቀቱ ሳስቷል። ሰውየው እውነተኛ ሆኖ ሳለ በሥርዝ ድልዙ ምክንያት አጭበርባሪ መሰለ፤ ሁለት ዓመት ተመላለሰ። እርማት ማለት መፋቅ አይደለም። የቀድሞው ስም እንዳለ ይቆያል፤ ከጎኑ «ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መጠሪያ ናቸው» የሚል የፍርድ ቤት ውሳኔ ከነቁጥሩ ይያያዛል።

ፍርድ ቤቱን የሚያሳምነው ማስረጃ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ባልታሰበ ቦታ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1973 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ የተነሳ ቃጠሎ ከ16 ሚሊዮን በላይ የወታደር ማህደሮችን ባወደመ ጊዜ፣ ታሪካቸው መልሶ የተጠናቀረው ከደመወዝ ሰነድና ከሆስፒታል መዝገብ ነበር። እኛም ያንኑ እናደርጋለን። የእኚህ አዛውንት የሕክምና ቦርድ ወረቀት በሜዳ ስማቸው ወጥቶ «ግራ ጭን፣ ያልወጣ ፍንጣሪ» ይላል። መታወቂያቸው በሌላ ስም ነው። ጭናቸው ግን ያው ነው፤ በዚያ ጠዋት በሩም መሰከረ።

«ጓለይ፣ ስሜን ይሰርዙታል እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ፤ የሜዳ ስማቸውን ማለታቸው ነው። «የለም አቦይ፣ ሁለቱም ይኖራሉ» አልኳቸው። ፊታቸው ሲፈታ አየሁ። ያሳሰባቸው አበሉ ብቻ አልነበረም፤ ያ ስም የወደቁ ጓዶቻቸው ሲጠሯቸው የኖሩበት ነው።

በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ አካባቢ በጦርነቱ የተቋረጠው የመቀሌ በረራ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. እስኪቀጥል ድረስ ስንቱ ምስክር እንዳለፈ እኛ የዚህ ከተማ ሰዎች እናውቃለን። የሜዳ ስምን ከትውልድ ስም ጋር አገናኝቶ መመስከር የሚችለው አብሮ የዋለ ጓድ ነው፤ ጓድ ደግሞ እያረጀ ነው። ባለጉዳዩ ስሙን ሳያስተካክል ከሞተ ሸክሙ ለሚስቱ ይተርፋል፤ ሚስት አበሏን ለማግኘት ባሏ ማን እንደነበረ ማስረዳት ይኖርባታልና።

ስለዚህ ልጆች ሆይ፣ አባታችሁን ዛሬ ጠይቁ፤ በየትኛው ስም ተመዘገብክ፣ ማን ያውቅሃል፣ የቁስል ወረቀትህ የት አለ በሉ። መዝገብ ያዥ ወንድሞችና እህቶችም ስምን ሳታሳጥሩ ጻፉ፣ ዘመኑን ለዩ፣ ምላጭ አታንሱ። ምስክሩ በሕይወት ሳለ የተጀመረ እርማት ያልቃል።