ሁለተኛው ገመድ፦ ለተምር ሥራ ለሚሄዱ ወገኖቻችን

በየዓመቱ በነሐሴ አጋማሽ የጊዛ ተምር መድረስ ሲጀምር፣ ከማኅበራችን አባላት አንዳንዶቹ ለኪስ ገንዘብ ሲሉ ከሙኒብ ሚኒባስ ተሳፍረው ወደ በድረሺንና ወደ ዳህሹር ይወርዳሉ። አብዛኞቹ ከሥር ተምር ይለቅማሉ፣ ሣጥን ይሸከማሉ። ዛፍ ለሚወጣ የተሻለ ስለሚከፈል ግን ወደ ላይ የሚያንጋጥጡም አልታጡም። ባለፈው ዓመት አንድ ጓደኛችን በተዋሰው ገመድ ወጥቶ ገመዱ ተበጠሰና ከአራት ሜትር ያህል ወደቀ፤ ሦስት ወር በክራንች ክፍል ተመላለሰ። ይህን ለመጻፍ የተነሣሣነው በዚህ ምክንያት ነው።

በመጀመሪያ የግብፃዊውን ገበሬ አሠራር እንመልከት። የተምር ዘንባባ ቅርንጫፍ የለውም፤ እግር ማሳረፊያው የተቆረጡት ቅጠሎች ጉቶ ብቻ ነው። ወጪው ከሊፍ የተጎነጎነ ሰፊ መታጠቂያ በጀርባው አድርጎ፣ ከእርሱ የሚነሣውን ገመድ በግንዱ ዙሪያ ያዞራል። ወደ ኋላ ሲለጠጥ ክብደቱ ገመዱን ከግንዱ ጋር ያጣብቀዋል። ለመውጣት ወደ ግንዱ ቀረብ ይልና ገመዱን አላልቶ ወደ ላይ ይወረውረዋል፤ መልሶም ይለጠጣል። ሊፍ የሚባለው በቅጠሉ ሥር ግንዱን እንደ ወንፊት የሚሸፍነው ቡናማ ቃጫ ነው። ተነክሮ ይለሰልሳል፣ ክሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ይከረራል፤ ከዚያ ክሮቹ አንድ ላይ በተቃራኒው አቅጣጫ ይገመዳሉ። አንዱ ክር ልፈታ ሲል ሌላውን የሚያጠብቀው ስለዚህ ነው። ይህ ሁሉ እውቀት ቀላል አይደለም፤ የተምር ዘንባባ ጥበብና ልማድ እ.ኤ.አ. በ2019 ግብፅንና ሱዳንን ጨምሮ በ14 አገሮች ስም በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

ነገር ግን ገመዱ በሚላላበት ቅጽበት ሰውየውን የያዘው የራሱ እጅና እግር ብቻ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ለወጣ ሰው ይህ ይበቃው ይሆናል፤ ለእኛ አይበቃም።

መፍትሔው ከአገራችን ሩቅ አይደለም። ትግራይ ውስጥ ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም የሚሄድ እንግዳ 15 ሜትር ያህል የሆነውን ገደል በጠፍር ገመድ ተንጠላጥሎ ይወጣል፤ ሌላ ጠፍር ደግሞ በወገቡ ይታሰርለትና ከላይ መነኩሴ እየሳበ ይይዝለታል። አንዱ ለመውጫ፣ ሁለተኛው ለነፍስ ነው። በተምር ዛፍ ላይም የምንፈልገው ይህንኑ ሁለተኛውን ገመድ ነው።

ቋጠሮውን ራሳችን እንሠራለን፤ ገመዱን ግን መሥራት የለብንም። ገበሬው የራሱን ሊፍ ዕድሜና ጠባይ ያውቃል፣ እኛ አናውቅም። ኢኤን 1891 ዓይነት «ኤ» የሚል ምልክት ያለበት 11 ሚሊ ሜትር ገመድ ይገዛ፤ ይህ ደረጃ ቢያንስ 22 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም የ2,200 ኪሎ ያህል ክብደት ጉተታ መቻልን ይጠይቃል። ርካሹ የፖሊፕሮፒሊን ገመድ ፀሐይ እየመታው ይደርቅና ይሰባበራል። የጓደኛችን ገመድ ይኸው ነበር።

ከዚህ ገመድ አራት ሜትር ቆርጠን በአንደኛው ጫፍ የስምንት ቁጥር ቋጠሮ በድርቡ ቋጥረን ዓይን እናወጣለን። ሌላውን ጫፍ በግንዱ ዙሪያ አዙረን በዓይኑ ውስጥ እናሾልከውና እስኪጠብቅ እንስበዋለን። በነፃው ጫፍ ላይ ማቆሚያ ቋጠሮ አይረሳ። ቀጥሎ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን ገመድ ጫፍና ጫፉን በድርብ የዓሣ አጥማጅ ቋጠሮ አገናኝተን ቀለበት እንሠራለን፤ ከቋጠሮው የሚተርፈው ጭራ ከገመዱ ውፍረት አሥር እጥፍ ይሁን። ቀለበቱን በወፍራሙ ገመድ ላይ ሦስት ጊዜ በራሱ ውስጥ እያሾለክን እንጠመጥማለን። ይህ ኦስትሪያዊው ካርል ፕሩሲክ እ.ኤ.አ. በ1931 ያስተዋወቀው ቋጠሮ ነው፤ ክብደት ሲያርፍበት ይነክሳል፣ ሲላላ በእጅ ይንሸራተታል። ጥምጥሞቹ ከተደራረቡ ግን ላይነክስ ይችላል፤ ስለዚህ ጎን ለጎን ተስተካክለው መተኛታቸው በዓይን ይታይ። ቀለበቱ በሚቆለፍ መንጠቆ ከመታጠቂያችን ጋር ይያያዛል፤ መታጠቂያውም ጭንን ጭምር የሚይዝ ይሁን፣ ወገብን ብቻ የሚይዝ ሲወድቁበት የጎድን አጥንት ይሰብራል።

ሁለቱን ገመዶች በየተራ እንጂ ባንድ ጊዜ አናላላም። ሁለተኛው ምንጊዜም ከደረታችን በላይና የተወጠረ ይሁን፤ አንድ ክንድ የላላ ገመድ ሲወድቁበት የሚያሳርፈው ጉተታ ከሰውየው ክብደት ብዙ እጥፍ ነው። ስንወድቅ ፕሩሲኩን በእጅ መጨበጥም አይገባም፤ የተጨበጠ ቋጠሮ አይነክስም።

አሠሪው «ማዓሌሽ፣ ጊዜ የለም» ቢላችሁ ከሥር ሆናችሁ ሣጥን ተሸከሙ። ልምምዱን ከመሬት ሁለት ሻማ ሣጥን በማይበልጥ ከፍታ፣ ሙሉ ክብደታችሁን ጥላችሁ ጀምሩ። ገመድ ያላችሁ ዓርብ ከቀትር በኋላ ወደ ማኅበሩ ክፍል ይዛችሁ ኑ፤ የሌላችሁም ለቋጠሮው መማሪያ የሚሆን ማንኛውንም ሲባጎ ይዛችሁ ኑ።