መሪው ሲንቀጠቀጥ አሞርዛተር ለመግዛት አትሩጡ

አጎቴ አሮጌ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ አለው። ሰውም ዕቃም ይጭንበታል፤ ቤተሰቡን የሚያበላው እሱ ነው። ባለፈው ዓመት ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ፣ በ80 ገደማ እየሄድን፣ የፊት ጎማው አስፋልቱ ላይ ያለች ትንሽ ጉድጓድ መታ። መሪው ከአጎቴ እጅ ሊያመልጥ እስኪደርስ ግራና ቀኝ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ መኪናው በሙሉ ተናወጠ። ከኋላ ስድስት ሰው ተጭኗል። አጎቴ እግሩን ከነዳጅ አነሳ፣ መሪውን ጨብጦ ያዘ፣ ቀስ እያለ ዳር አስያዘው። ከዚያ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ማንም አልተናገረም።

በማግስቱ ጋራዥ ወሰድነው። «አሞርዛተሩ ሞቷል» ተባልን። አራት አዲስ ተገዛ፣ አልተሻለውም። ሌላ ጋራዥ ደግሞ የመሪውን አሞርዛተር ቀየረልን። አንድ ወር ጸጥ አለ፣ ከዚያ ተመለሰ። ሦስተኛው ጋራዥ ላይ አንድ ወጣት መካኒክ ከስር ገብቶ አየና «ጋሼ፣ ያስቸገረችዎት ይቺ ጎሚኒ ናት» አለው።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ግን ያን ሁሉ ብር ካወጣን በኋላ ነገሩን ሳልረዳ መተው አልቻልኩም። ከዚያ ልጅ ጋር ተቀምጬ የተማርኩትን እነሆ።

ጎሚኒ ምን ይሰራል?

ጎሚኒ (ቡሽም ይሉታል) በሁለት ብረቶች መካከል የሚገባ ላስቲክ ነው። አብዛኛው መሀሉ የብረት ቱቦ አለው፤ ቡሎኑ የሚያልፈው በዚያ ውስጥ ነው። ላስቲኩ ሁለት ስራ አለው። አንደኛ፣ የመንገዱን ንዝረት ይውጣል። ሁለተኛ፣ አክስሉን በቦታው ይይዛል። ሁለተኛውን ብዙዎቻችን አናውቀውም።

እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ የወጡት ሃርድቶፖች ፊታቸው ሞላ፣ ኋላቸው ባሌስትራ ነው። ሞላ ክብደት ይሸከማል እንጂ አክስሉ ወደ ጎን እንዳይሄድ አይዝም። ያንን የሚይዘው ፓናርድ የሚባል ረጅም ብረት ነው፤ አንዱ ጫፉ ከሻንሲው፣ ሌላው ከአክስሉ ጋር ይታሰራል። በሁለቱም ጫፍ ጎሚኒ አለ። ጎሚኒው ካለቀ አክስሉ ወደ ጎን መወዛወዝ ይችላል። ከዚያ አንዲት ጉድጓድ ትበቃዋለች።

የመሪው አሞርዛተርስ ለምን ለአንድ ወር አዳነው? አላዳነውም፣ ደበቀው እንጂ። አዲስ ሲሆን ንቅጥቅጡን አፍኖ ይይዛል። ያለቀው ጎሚኒ ግን እዚያው ነው፣ ማለቁንም አላቆመም።

እንዴት ትፈትሹታላችሁ?

አንድ ረዳት ይበቃል። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማዎቹ ስር ድንጋይ ይደረግ። ሞተሩ ተነስቶ ረዳቱ መሪውን ትንሽ ትንሽ ግራና ቀኝ ያወዛውዝ። እናንተ ከፊት ሆናችሁ የፓናርዱን ሁለት ጫፎች ተመልከቱ። ላስቲኩ ትንሽ መተጣጠፉ ጤና ነው። ብረቱ በቡሎኑ ዙሪያ «ቋ» እያለ ሲሄድና ሲመለስ ካያችሁ ግን አልቋል።

ጥፋቱ ሁልጊዜ የጎሚኒ አይደለም፣ ስለዚህ ይህንንም ጨምሩ። የፊት ጎማውን በክሪክ አንስታችሁ ላይና ታቹን ይዛችሁ ነቅንቁ። ከተንቀሳቀሰ ረዳቱ ፍሬን ይርገጥ። ሲረግጥ መንቀሳቀሱ ከቆመ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልቆመ አክስሉ ጫፍ ላይ፣ ጎማው የሚዞርበት ቦታ ያለው ኩሽኔታ ነው። ግራና ቀኙን ይዛችሁ ስትነቀንቁ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ቴስቲኒዎቹን እዩ። የጎማ ባላንስም አይረሳ።

አሞርዛተርን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ኮረኮንች መንገድ ላይ ከተነዳ በኋላ ቆም ብላችሁ በጥንቃቄ ንኩት። የሚሰራ ይሞቃል። ሦስቱ ሞቀው አንዱ ከቀዘቀዘ ያ ሰነፍ ነው። ዘይት ካፈሰሰም ጊዜው አልፏል። ሲቀየር የግራና የቀኙ አብሮ ይቀየር።

የቱን እንግዛ?

ሶማሌ ተራ ስትሄዱ ብዙ ዓይነት ይቀርብላችኋል። የፋብሪካው ላስቲክ ለስላሳ ነው፣ ጸጥ ያለ ጉዞ ይሰጣል። ፖሊዩሬቴን የሚባለው ጠንካራ ነው፤ ዘይት ቢነካውም ቶሎ አይበላሽም፣ ግን የመንገዱን ንዝረት ወደ ውስጥ ያስገባል። ከአሮጌ ጎማ ተቆርጦ የተሰራም አይቻለሁ። ገጠር መሀል ለቆመ መኪና ቤት ያደርስ ይሆናል፤ ልኩን ጠብቆ ስለማይገጥም ግን በዚያው መቀጠል አይገባም። የድሮውን ጎሚኒ ይዛችሁ ሂዱና ጎን ለጎን አስለኩ።

ሲገጠም ቁሙና እዩ

አብዛኛው ስህተት የሚሰራው እዚህ ጋ ነው። ስለዚህ አራት ነገር ያዙ፦

1. በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር ማንም አይግባ። ሻንሲው በጠንካራ የብረት መደገፊያ ይያዝ። ክሪክ ማንሻ ነው፣ መደገፊያ አይደለም።

2. የድሮው ጎሚኒ በፕሬስ ይውጣ። በእሳት ማቃጠል የተለመደ ነው፤ ግን ጭሱ መርዝ ነው፣ ብረቱንም ይጎዳል። በመዶሻ መደብደብም የሚቀመጥበትን ቀዳዳ ያጣምመዋል።

3. አዲሱ ላስቲክ ሲገባ የሳሙና ውሃ ይቀባ። የሞተር ዘይትና ተራ ግራሶ ላስቲኩን ያሳብጠዋል፣ ያበላሸዋል።

4. ቡሎኑ የመጨረሻውን ጥብቀት የሚያገኘው መኪናው በጎማው መሬት ላይ ሲቆም ነው። ይቺን ልብ በሉ። ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ጎሚኒ አይሽከረከርም፣ ይጠመዘዛል እንጂ። አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ካጠበቃችሁት፣ መኪናው ሲወርድ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀራል። ቆሞም ይሁን እየሄደ እንደተወጠረ ነው፣ ቶሎ ይቀደዳል። «አዲስ ገዝቼ ወዲያው አለቀ» ከሚሉት ውስጥ ስንቱ በዚህ እንደሆነ እንጃ!

ባሌስትራው ከተፈታ ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ያላቸው ቡሎኖች በአዲስ ቢቀየሩ ይመረጣል። ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ተመልሳችሁ አስጠብቋቸው። በመጨረሻም ዊል አላይመንት ይሰራ።

ለምን አሁን?

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሰሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፣ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫም ተወደደ። ስለዚህ ያለን አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት ይሰራል ማለት ነው። እኛም የምንሳፈረው በሱ ነው።

የአጎቴ ፓናርድ ሁለት ጎሚኒ ተቀየረለት፣ በቃ። ለአሞርዛተሮቹ ካወጣው ጋር ሲተያይ ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አሁን ደብረ ብርሃን ይመላለሳል፣ መሪው ጸጥ ብሏል። እሱ ግን ያቺ ጉድጓድ ጋ ሲደርስ እስከዛሬ ፍጥነት ይቀንሳል።

እናንተም እንዲህ ዓይነት ንቅጥቅጥ ከገጠማችሁ ፍሬን በድንገት አትርገጡ። ነዳጅ ልቀቁ፣ መሪውን አጥብቃችሁ ያዙ፣ ቀስ ብላችሁ ዳር ያዙ። ከዚያ ጋራዥ ገብታችሁ መጀመሪያ «ምን ልግዛ?» ሳይሆን «የቱ ነው የሚንቀሳቀሰው? አሳየኝ» በሉ።

አሮጌ መኪና ለሚነዳ ወንድም፣ አባት ወይም አጎት አድርሱልኝ።