የታደሰው የሕዝብ የጐልፍ ሜዳና የዋጋው አሠራር

የጐልፍ ጨዋታ በብዙ አገር የባለጠጎች ጨዋታ ሆኖ ይቈጠራል። ሜዳው ሰፊ መሬት፣ ብዙ ውሃና የዘወትር ሠራተኛ ስለሚፈልግ፣ ወጪውን የሚችሉ ሰዎች ክበብ አቋቁመው አባል ላልሆነ ሰው በሩን የሚዘጉበት ጊዜ ብዙ ነው። በኒው ዮርክ ስቴት፣ በሎንግ አይላንድ የሚገኘው የቤዝፔጅ መናፈሻ ግን ከዚህ ልማድ የተለየ ነው። በውስጡ ያሉት 5 የጐልፍ ሜዳዎች የስቴቱ መንግሥት ንብረት ስለ ሆኑ፣ ተራው ደርሶት ዋጋውን የከፈለ ሁሉ ይጫወትባቸዋል።

ከአምስቱ ዝነኛ የሆነው «ጥቁሩ ሜዳ» በ1936 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የተከፈተ ሲሆን፣ የተሠራውም በዚያ በከባዱ የኤኮኖሚ ችግር ዘመን ሥራ ላጡ ሰዎች ሥራ ለመስጠት ታስቦ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን የተጫዋቹ ብዛትና የጥገናው ማነስ ሜዳውን ጐዱት።

በ1990ዎቹ የአሜሪካ የጐልፍ ማኅበር ከስቴቱ ጋር አንድ ስምምነት አደረገ። ይኸውም ማኅበሩ የእድሳቱን ወጪ እንዲሸፍን፣ ስቴቱም በበኩሉ «ዩ. ኤስ. ኦፕን» የተባለው ታላቅ ውድድር በሜዳው ላይ እንዲደረግ እንዲፈቅድ ነው። ንድፍ አውጪው ሪስ ጆንስ ለድካሙ ዋጋ ሳይቀበል ሥራውን መራ። በ2002 ታይገር ውድስ ያሸነፈበት ውድድር፣ በመንግሥት ይዞታና አስተዳደር ሥር ባለ ሜዳ ላይ ሲደረግ የመጀመሪያው ሆነ። ለነጋዴ ልብ የሚያስብለው የውሉ ጠባይ ነው፤ ገንዘቡን ያወጣው ማኅበር የውድድሩን ጊዜ አገኘ እንጂ የሜዳውን ባለቤትነት አልወሰደም።

ይሁን እንጂ የተሻሻለ ዕቃ ፈላጊው ይበዛል፤ ፈላጊው ከሩቅ ሲመጣም የአካባቢው ሰው ወደ ጐን ይገፋል። ስለዚህ ስቴቱ ለአንድ ሜዳ ሁለት ዋጋ አወጣ። ከሌላ ስቴት የሚመጣ ተጫዋች የኒው ዮርክ ነዋሪ ከሚከፍለው እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይከፍላል፤ ነዋሪውም ከእንግዳው ቀደም ብሎ ቦታ ማስያዝ ይችላል። እንግዳው የሚከፍለው ትርፍ ለሜዳው ጥበቃ ስለሚረዳ፣ አሠራሩ ለሁለቱም የሚበጅ ይመስላል።

ሁለተኛው ዘዴ ወረፋ ነው። አስቀድሞ ያላስያዘ ተጫዋች ቁጥር በተጻፈበት የመኪና ማቆሚያ ላይ መኪናውን አቁሞ፣ በውስጡ ተኝቶ ያድራል፤ ጎሕ ሳይቀድም ተራው ይሰጠዋል። ይህ ያለ ዋጋ የተገኘ አይምሰል። በገንዘብ ያልተከፈለው በእንቅልፍ ይከፈላል፤ ማልዶ ሱቁን የሚከፍት ሰውም ከዚህ ወረፋ ብዙ አይጠቀምም።

በ2019 የፒ. ጂ. ኤ. ሻምፒዮና፣ በ2025 ደግሞ የራይደር ካፕ በዚሁ ሜዳ ተካሂደዋል። እንዲህ ያለ ውድድር ሲኖር ሕዝቡ ሜዳውን ለጊዜው ያጣል። በሌላው ጊዜ ግን ተጫዋቹ ሁሉ ሠረገላ ሳይፈቀድለት በእግሩ ይዞራል። ከመነሻው አጠገብ የቆመው ማስታወቂያም ሜዳው እጅግ አስቸጋሪ ስለ ሆነ ለሠለጠነ ተጫዋች ብቻ እንደሚሻል ይመክራል እንጂ፣ ማንንም አይከለክልም።