በምርመራ የወደቀ መኪና የፊት እግር

መኪና በምርመራ ወድቆ በተመለሰ ጊዜ፣ ባለቤቱ በመጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ መኪናው ሳይሆን ስለ ወረቀቱ መሆኑ የተለመደ ነው። «የፊት እግር ላልቷል» የምትለው የመርማሪው አጭር ጽሕፈት ለነጋዴው የሥራ ቀን መጓደል፣ ለመሥሪያ ቤት ሹም ደግሞ በበጀት ያልታሰበ ወጪ ሆና ትታየዋለች። ስለዚህም ጥያቄው «የላላው ምኑ ነው?» መሆኑ ቀርቶ «እንዴት ባለ ብልሃት ያልፋል?» ይሆናል። በከተማ ሜዳ ላይ ብቻ ለሚመላለስ መኪና እንኳ ይህ አስተሳሰብ የሚበጅ አይደለም፤ ከአሥመራ ወደ ምጽዋ ለሚወርድ መኪና ግን ጉዳቱ የተገለጠ ነው።

ይህ መንገድ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ከሚበልጥ ከፍታ ተነሥቶ፣ በነፋሲትና በጊንዳዕ በኩል አልፎ፣ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ከባሕሩ ዳር ይደርሳል። ከከፍታውም አብዛኛው የሚወርደው በመንገዱ የመጀመሪያ አጋማሽ፣ በገደሉ ወገብ ላይ በሚጠማዘዘው ክፍል ነው። በቁልቁለት ላይ ፍሬን በተያዘ ቁጥር የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይጫናል፤ በየጠመዝማዛውም ወደ ውጭኛው ጎማ ያጋድላል። መሪውን የሚታዘዙትም እነዚሁ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ናቸውና፣ መሸከም፣ መቆምና መዞር የተባሉት ሦስቱ ሥራዎች በአንድ ጊዜ በጥቂት ብረቶች ላይ ያርፋሉ።

የእነዚህ ብረቶች ስም በጋራዦች ዘንድ አብዛኛው ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ባሌስትራ ማለት በጣልያንኛ የጥንት ተዋጊዎች ይይዙት የነበረው ባለ እጀታ ቀስት ነው፤ የተደራረቡት የብረት ቅጠሎች እንደ ቀስት ስለሚለጠጡ ስሙ ተላለፈላቸው። አሞርቲዛቶሬ «ማሞት» ከሚል ሥር የወጣ ቃል ሲሆን፣ ሥራውም ሞላው ወይም ባሌስትራው ያስነሣውን መናወጥ ማሞት ነው። ቴስቲና ደግሞ «ትንሽ ራስ» ማለት ነው። ስሙን ያስተዋለ ሰው፣ መካኒኩ በሚናገርበት ጊዜ ምን ሊያስከፍለው እንደሆነ በግማሽ ያውቃል።

ጎማው ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚዞረው በቀድሞዎቹ መኪናዎች ላይ ፔርኖ በሚባል ወፍራም የብረት ዘንግ ነበር፤ ፔርኖውም ከነሐስ በተሠራ ቦካላ ውስጥ ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው ፊያት 600፣ ሕዝቡ ሰይቸንቶ የሚለው፣ ከፊት አንድ ባሌስትራ በአግድም ተዘርግቶለት ጎማዎቹ በፔርኖ የሚዞሩ ነበሩ። ቮልስዋገንም ቢሆን እስከ 1965 ድረስ በፔርኖ ከተሠራ በኋላ ነው ወደ ቴስቲና የተሻገረው። ዛሬ ትንንሾቹ መኪናዎች በላስቲክ በተሸፈነ ቴስቲና ይሠራሉ፤ ከባዱ ካሚዮን ግን አሁንም በፔርኖና በቦካላ ላይ ነው። የጭነት መኪና ያለው ነጋዴ ነገሩ ያለፈበት መስሎት እንዳይዘናጋ።

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የላላው ክፍል በእጅ ሊገኝ ይገባዋል። መኪናው በክሪክ ይነሣል፤ በክሪክ ብቻ ግን አይታመንም፣ ካቫሌቶ ከሥሩ ይግባ። ከዚያም ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መወዝወዝ ነው። ቢንቀጠቀጥ፣ ሁለተኛ ሰው ፍሬኑን ረግጦ እንዲይዝ ይደረጋል፤ ፍሬኑ ሲያዝ መንቀጥቀጡ ከጠፋ ጥፋቱ የጎማው ኩሽኔታ ነው፣ ካልጠፋ ግን የፔርኖው ወይም የቴስቲናው ነው። በግራና በቀኝ ተይዞ ሲወዘወዝ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ መፈለግ የሚገባው በመሪው ዘንጎች ጫፍ ላይ ነው። ሞላው በታችኛው ክንድ ላይ ባረፈበት መኪና ላይ ክሪኩ ከዚያው ክንድ ሥር መግባት አለበት፤ አለዚያ የሞላው ግፊት ቴስቲናውን ወጥሮ ስለሚይዘው የላላው ያልላላ ይመስላል። አሞርቲዛቶሬውን ለመፈተን የመኪናውን ማዕዘን በኀይል ተጭኖ መልቀቅ ይበቃል፤ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ከረጋ ደኅና ነው፣ ደጋግሞ ከዘለለ ወይም ዘይት ካንጠባጠበ ዕድሜው አልቋል። ይህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሲሆን፣ ብዙዎች ሳያደርጉት ያልተበላሸ ዕቃ ይለውጣሉ።

እዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ክፉ ልማድ አለ። ከቆርቆሮ ቀጭን ቁራጭ ቆርጦ በፔርኖውና በቦካላው መካከል መክተት፣ ወይም በምርመራው ዋዜማ ወፍራም ግራሶ ጠቅጥቆ መንቀጥቀጡን ለአንድ ቀን መሸፈን እንደ ጥገና የሚቈጠርበት ጊዜ አለ። ቆርቆሮው በጥቂት ቀን ተፈጭቶ ይወጣል፤ ግራሶውም ይሟሟል። የተሰበረ ባሌስትራ መበየድም ከዚህ የሚሻል አይደለም፤ በእሳት የተነካው ብረት ጥንካሬውን አጥቶ ከብየዳው አጠገብ መልሶ ይሰበራል። መርማሪው በዚያን ቀን ቢታለል እንኳ፣ የሚቀጥለው ፈተና ከነፋሲት በላይ በሚገኘው ገደል ላይ ነው።

እውነተኛው ጥገና ከባድ ጥበብ የሚጠይቅ ሳይሆን ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። አሮጌው ቦካላ ተገፍቶ ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል፤ ነገር ግን በቦካላው ላይ ያለው ቀዳዳ ከግራሶው መግቢያ ጋር ትክክል መግጠም አለበት። በዚህች ትንሽ ነገር ቸልታ ስንት አዲስ ቦካላ ደርቆ በጥቂት ወራት ተበልቷል! የላይኛውና የታችኛው ቦካላ በአንድ መስመር በልክ ተከርክረው፣ ፔርኖው በአውራ ጣት ግፊት የሚገባ፣ ነገር ግን የማይወዛወዝ ሊሆን ይገባል። የላስቲክ ቦካላ በሚለወጥበት ጊዜ ደግሞ ቡሎኑ በመጨረሻ መጥበቅ ያለበት መኪናው በገዛ ጎማው መሬት ላይ ከቆመ በኋላ ነው። ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ፣ ላስቲኩ እንደ ተጠመዘዘ ይቀርና ሳይቈይ ይቀደዳል። አሞርቲዛቶሬም ሞላም በአንድ ወገን ብቻ አይለወጥም፤ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ የሆነ መኪና ፍሬን ሲያዝና ሲታጠፍ ሁለቱ ጎማዎቹ እኩል መሬት አይቈነጥጡም። የዳዶው መቆለፊያ ኮፒሊያም አዲስ ይሁን፤ ዋጋው ከምንም የማይቈጠር ነውና።

ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ የጎማዎቹ አቅጣጫ ካልተስተካከለ ሥራው በግማሽ ቀርቷል። ጎማው በአንድ ጠርዙ ብቻ የሚበላ ከሆነ፣ ነጋዴው ለቦካላ የቈጠበውን ገንዘብ ለጎማ ሻጭ እየከፈለ ነው ማለት ነው።

በመሥሪያ ቤት መኪና ላይ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። መኪናው የሁሉ ስለሆነ የማንም አይደለም፤ ለቤንዚን የሚፈርም አለ፣ ለግራሶ የሚፈርም ግን የለም። ነጂው መሪው እንደሚንቀጠቀጥ ሦስት ጊዜ ተናግሮ ይሆናል፤ የተናገረው በጽሑፍ ስላልሰፈረ፣ መኪናው በምርመራ በሚወድቅበት ቀን ተወቃሹ እርሱ ነው። የተነዳው ኪሎ ሜትር፣ ግራሶ የተሰጠበት ቀንና የነጂው ማስታወቂያ የሚጻፍበት አንድ ደብተር በየመኪናው ቢቀመጥ፣ ሹሙ ለጥገና በጀት በሚጠይቅበት ጊዜ የሚያቀርበው ማስረጃም ይኖረዋል።

መኪናው ለሁለተኛ ምርመራ ከመቅረቡ በፊት፣ ባለቤቱ የወጡትን አሮጌ ዕቃዎች ከጋራዡ መቀበል ይገባዋል። የተበላው ፔርኖ በጥፍር ሲዳሰስ ጐድጎድ ያለበት ቦታ ይታወቃል፤ ያልተበላ ከሆነም የተከፈለው ሒሳብ በከንቱ እንደ ነበረ በዚያው ይታያል። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም ቡሎኖቹ እንደገና ይታዩ፤ አዲስ ዕቃ ቦታውን እስኪይዝ ድረስ ትንሽ መላላቱ አይቀርምና።